ከሽማግሌ በፊት እግድ፦ የጋራ ቤት በድብቅ ሲሸጥ

ጎጃም ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ ቀድሞ የሚላከው ሽማግሌ ነው። ለጠቡ ደግ ነው፤ ለካርታው ግን አይሆንም። ሽማግሌ ቀጠሮ ይሰጣል፣ የነፍስ አባት እስኪገኙ ይጠብቃል፣ በመሀል በዓል ይገባና ነገሩ ለሌላ እሑድ ያድራል። ቤቱን ለመሸጥ የቆረጠ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቂት የሥራ ቀን ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት ደጅ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው «ሽማግሌ እያስታረቀን ሳለ ስሙ ዞረ» የሚለውን ቃል በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማስረጃ፣ ቀጥሎ እግድ (ቤቱ እንዳይሸጥ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትእዛዝ)፣ ከዚያ ሽማግሌ። እግዱ ከወጣ ሽማግሌው ዓመትም ቢቀመጥ ቤቱ የትም አይሄድም።

ከዚህ በታች ብዙ ጊዜ «ባል ሸጠ» እያልን የምንጽፈው ካርታው በብዛት በባል ስም ስለሚወጣ ነው። ሱቁን በወንድሟ ስም የምታዞር ሚስትም አለች። መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነው።

ቤት ከመሸጡ በፊት ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል። ጠባይ ያሳስታል፤ ሊሸጥ የተነሣ ሰው እንዲያውም በዚያ ሰሞን ለቤቱ ደግ ይሆናል። ወረቀት ግን አይደብቅም። ዋናው ካርታ «ኮፒ ላስደርገው» ተብሎ ከሣጥን ይወጣና ሳይመለስ ይቀራል። ግብር በወቅቱ ከፍሎ የማያውቅ ሰው የዓመታቱን ውዝፍ በአንድ ቀን ያጠራል፤ ይህን ብዙዎች የመሻሻል ምልክት አድርገው ያዩታል፣ ነገር ግን የግብር ክሊራንስ ሳይያዝ ስመ ንብረት አይዛወርም። ከቀበሌ መሸኛ ያወጣል። የትዳር ጓደኛውን መታወቂያ ኮፒ «ለማኅበር ነው» ብሎ ይጠይቃል። የማይታወቅ ሰው ግቢውን በሜትር ይለካል፤ ሲጠየቅ «የውኃ መስመር ሊያስገቡ ነው» ይባላል። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገጣጠሙ መጠየቅና መጨቃጨቅ ትተው ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይሻላል። ቤት ውስጥ የሚነሣ ጥያቄ ሌላውን ያፈጥነዋል።

ከምልክቶቹ ሁሉ ከባዱ መሸኛው ነው፤ ምክንያቱም ወደ «ያላገባ» ማስረጃ ይወስዳል። ቤት የሚሸጥ ሰው ውሉን ለማስመዝገብ ሰነድ ማረጋገጫ ሲቀርብ ካርታውንና መታወቂያውን ያሳያል፣ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣል፣ ስለ ጋብቻው ሁኔታም ይጠየቃል። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ቀርቦ ይፈርማል። ያላገባ ከሆነ ማስረጃ ያመጣል። እንግዲህ ሞጣ ያገባ ሰው መሸኛ ይዞ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ነዋሪ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከከረመ በኋላ ሁለት ሦስት ወዳጅ ይዞ «አላገባም» ያሰኛል። የአዲሱ ቀበሌ ሠራተኛ ሰውየውን አያውቀውም። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ተፈጽሞ ወሳኝ ኩነት ዘንድ ካልተመዘገበ ደግሞ የሚያጋልጠው መዝገብ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በየገጠሩ በተክሊልም በሽማግሌም የተፈጸመ፣ ግን ያልተመዘገበ ጋብቻ ሞልቷል። ፋይዳ መታወቂያም ይህን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ ማግባት አለማግባቱን አይናገርም። ፋይዳ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ሴት «ሚስቱ ነኝ» ብላ በሐሰት መታወቂያ የምትፈርምበትን የድሮ ዘዴ ያከብደዋል።

ከዚህ የሚገኘው ሥራ ቀላል ነው፤ ጋብቻው በሰላሙ ጊዜ ይመዘገብ። ከዘገየም ማስረጃው አሁኑኑ ይሰብሰብ። የጋብቻ ውል ወይም የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ካለ ከሁሉ ይበልጣል። ከሌለ የልጆች የልደትና የክርስትና ወረቀት፣ የሁለቱም ስም ያለበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር፣ የዕድር መዝገብ፣ የሠርግ ፎቶ ይሰበሰባል። የጤና መድኑን ደብተር ሰው ይንቀዋል፤ የቤተሰቡ ስም ተዘርዝሮ ማኅተም ያረፈበት ስለሆነ ግን ከሠርግ ፎቶ የበለጠ ይሠራል። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌለበት ባልና ሚስት ሆኖ መኖር በአራት ምስክር እንደሚረጋገጥ ይናገራል፤ ጎጃምም ላይ አራት ይዘው ይሂዱ። ከአራቱ አንዱ ከባል ወገን ቢሆን ክብደት አለው።

ሕጉ ያለው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚዳኙት በፌደራሉ 213/1992 ነው። ሥረ ነገሩ አይለያይም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ያስረዳል። የጋራ ቤትን መሸጥ፣ መለወጥ ወይም በመያዣ መስጠት የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ያለ ስምምነት የተደረገ ውል እንዲፈርስ ሌላው ወገን መጠየቅ ይችላል። የጊዜው ነገር ግን ጨካኝ ነው፤ የፌደራሉ ሕግ አንቀጽ 69 ውሉ መኖሩን ካወቁበት ቀን 6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ብቻ ይሰጣል። ባለጉዳይ ሁሉ 6 ወሩን እንደ ጣሪያ ይዞ ይቁጠር። ሽማግሌ ሲመላለስ የሚባክነው ይኸው ጊዜ ነው፤ «በዕርቅ ላይ ነበርን» የሚል መልስ ደግሞ ይርጋን (የመክሰሻ ጊዜውን ቆጠራ) ያቆማል ብሎ መተማመን አይቻልም።

በመንደር ወረቀት የተደረገ የቤት ሽያጭ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። በሦስት ምስክር ጠጅ ቤት የተፈረመ ወረቀት ስም አያዞርም። ሆኖም ገዢው ቁልፍ ተቀብሎ ከገባ፣ አጥር ካጠረ፣ ሁለት ክፍል ከጨመረ በኋላ ማስወጣቱ ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ «ወረቀቱ ዋጋ የለውም» ብሎ መተኛት አይገባም።

ቀጥሎ ያለው በጣም የረቀቀው ነው፤ የሐሰት ዕዳ። ባል ከጓደኛው ጋር ይስማማና ከዓመታት በፊት የተጻፈ የሚመስል የብድር ውል ያዘጋጃሉ። ጓደኛው ይከሳል፤ ባል ቀርቦ «አምኛለሁ» ይላል። በእምነቱ ይፈረድበታል። አፈጻጸም ይከፈታል፣ ቤቱ ይከበራል፣ ሐራጅ ይወጣል፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ያው የጓደኛው ዘመድ ነው። ሚስት የምታውቀው ማስታወቂያ በሯ ላይ ሲለጠፍ ነው። እዚህ ላይ ሁለት በሮች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 የተከበረው ንብረት የእኔም ነው የሚል ሰው ለአፈጻጸም ችሎቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አንቀጽ 358 ደግሞ ተካፋይ ሊሆን ይገባው የነበረ ሰው ባልተጠራበት ፍርድ ላይ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ሁለቱም ከሐራጁ በፊት ካልቀረቡ በሩ ይጠባል።

ሐሰተኛ ብድርን ማፍረሻው ዝርዝር ጥያቄ ነው። አበዳሪው ያን ያህል ገንዘብ ከየት አመጣው? ከየትኛው ባንክ በምን ቀን አወጣ? ብሩ ለቤተሰቡ ምን ሠራ፣ የትኛው ጣሪያ ተመታበት፣ ማን ታከመበት? ለትዳሩ ጥቅም ያልዋለ ዕዳ በጋራ ንብረት ላይ ሲመጣ ለመከራከር ይህ መሠረት ነው። ምስክሮቹ ተለያይተው ሲጠየቁ ስለ ኖቱ መጠየቅ ጥሩ ነው። ባለ 200 ብር ኖት የወጣው መስከረም 2013 ነው፤ በ2010 ተፈረመ በተባለ ብድር ላይ «በባለ ሁለት መቶ ሲቆጠር አይቻለሁ» የሚል ምስክር ሌላ ማፍረሻ አያስፈልገውም። የወረቀቱ ማኅተምና የመሥሪያ ቤቱ ስምም ከቀኑ ጋር ይተያይ፤ መሥሪያ ቤቶች ስም ይቀያይራሉ፣ የሐሰት ሰነድ ሠሪ ግን ዛሬ የሚያየውን ስም ይጽፋል። ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ከተካደ በፖሊስ ፎረንሲክ እንዲመረመር ይጠየቅ። ሰነዱ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ይሻገራል።

የወረቀት ፍቺም ከዚህ ጎን የሚሄድ ነው። «ለማኅበር ቦታ እንድንመዘገብ በወረቀት እንፋታ፣ በኋላ እንመለሳለን» ይባላል። በስምምነት ፍቺ ወረቀት ላይ የንብረት ክፍፍል የሚል አንቀጽ አለ፤ ብዙ ጊዜ «የምንካፈለው ንብረት የለንም» ተብሎ ይሞላል። ያንን መስመር የፈረመ ሰው በኋላ ቤት ነበረን ሲል ፊርማው ይቀርብበታል። ተፋቺውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ሐሰት ምስክር «ያላገባ» ማውጣት ይችላል። በእኛ ሚዛን ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ተጎጂው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃል የሰጠበት ስለሆነ መፍታቱ አስቸጋሪ ነው።

ወደ እግዱ እንምጣ። እግድ ብቻውን አይቆምም፤ ዋና ክስ ይፈልጋል። ትዳሩን ማፍረስ ያልፈለገች ሚስት ውል ይፍረስልኝ ወይም ንብረቱ የጋራ መሆኑ ይረጋገጥልኝ የሚል ክስ ታቀርባለች። መፋታት ከፈለገች ከፍቺ ጥያቄው ጋር አብሮ ይሄዳል። አቤቱታው ለወረዳ ፍርድ ቤት ሆኖ የእግዱ ጥያቄ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ላይ ይመሠረታል፤ በቃለ መሐላ ይደገፋል። ዳኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሊሸጥ መሆኑን በምን አወቅሽ?» «ጠርጥሬ» የሚል መልስ አይበቃም። ደላላው ማን ነው፣ መቼ መጣ፣ ማን አየው፣ ካርታው ከቤት የወጣው መቼ ነው፣ የግብር ውዝፉ የተከፈለበት ደረሰኝ ምን ቀን ይላል፤ ይህ ሁሉ በቃለ መሐላው ውስጥ ይግባ። እግዱ ለተከሳሹ መጥሪያ ከመድረሱ በፊት እንዲታይ በግልጽ ይጠየቅ። መጥሪያው ከቀደመ ለሻጩ ማስጠንቀቂያ ላክንለት ማለት ነው።

የእግድ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቤቱ መለያ ላይ ነው። ካርታው ላይ «ኃይሉ» ተብሎ እግዱ «ሀይሉ» ብሎ ከመጣ፣ «ፀሐይ»ና «ጸሐይ» ከተለያዩ፣ መዝገብ ቤቱ «ይህ ሰው እኛ ጋ የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ስሙ በካርታው ፊደል ይጻፍ፤ እስከ አያት ይሁን። የካርታ ቁጥር፣ ስፋት በካሬ ሜትር፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር ይስፈር። ካርታው ከእጅ የወጣ ከሆነ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ጎረቤቶች ስም ይግባ፤ የድሮ የግብር ደረሰኝም ቁጥሩን ሊሰጥ ይችላል። ትእዛዙ ለሦስት ቦታ ይጠየቅ፦ ለመሬት ጽሕፈት ቤት ስም እንዳይዛወር፣ ለሰነድ ማረጋገጫ ውል እንዳይመዘገብ፣ መያዣ ከተፈራ ለባንኩ ብድር እንዳይሰጥበት። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ብቻ ይጠይቅና ገዢው ውሉን ሌላ ቦታ አስመዝግቦ ይመጣል።

ትእዛዙ በወጣበት ቀን በእጅ ይድረስ። መዝገብ ቤት ሲሰጡ በቀሪው ኮፒ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። ከዚያም አይሂዱ፤ ማኅደሩ ወጥቶ እግዱ ውስጡ መታሰሩን፣ በኮምፒውተር የሚሠሩ ከሆነ እዚያም መግባቱን ይዩ። ደብዳቤ ገቢ ሆኖ ማኅደሩ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ ስም የሚዞረውም በዚያ መሀል ነው። የማኅደሩን መረጃ ሲጠይቁ «ስምሽ የለበትም» ከተባሉ የጋብቻ ማስረጃውን አያይዘው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን ያመልክቱ። በቃል የተባለ ነገር ችሎት ላይ አይቀርብም።

ባንክ ያለበት ጉዳይ ይፈጥናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ለባል ስም የመጣ የባንክ ፖስታ «የሱ ነው» ተብሎ ሳይነበብ አይቀመጥ። የመያዣው ውል ላይ ሚስት ፈርማለች ከተባለ የውሉና የመታወቂያው ኮፒ ይጠየቅ፤ ፎቶዋ የሌላ ሰው ከሆነ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት በአንድ ቀን ይቅረብ።

የገጠሩ መሬት በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ስለሚከለክል ወረቀቱ ላይ «ሽያጭ» አይጻፍም፤ «ስጦታ»፣ «ኪራይ» ወይም «ወለድ አገድ» (ብድሩ እስኪመለስ መሬቱን አበዳሪው የሚያርስበት) ይባላል። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለ፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ካርታ ያለው አዲሱ ደብተር ሲሰጥ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ማሳ በማሳ ያስተያዩ፤ ድሮ አራት ማሳ የነበረው ሦስት ሆኖ ከመጣ አራተኛው በማን ስም እንደወጣ የቀበሌውን የመሬት ኮሚቴ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በሁለተኛ ቤት ስም ወጥቶ ይገኛል። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ የሚለማ ማሳ ኪራዩ ከፍ ስለሚል ባል ብቻውን የብዙ ዓመት ኪራይ በአንዴ ተቀብሎ የሚጠፋበት አጋጣሚ አለ። ፋግታ ለኮማ ደግሞ መሬቱ ሳይነካ ቆሞ ያለው ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ) ለከሰል ነጋዴ ይሸጣል፤ ቀብዱ ከተበላ በኋላ ሚስት የምታውቀው ዛፉ ሲቆረጥ ነው። ነጋዴው የሁለቱን ፊርማ እንዲጠይቅ በቀበሌ ደረጃ ቀድሞ ማስታወቅ ይጠቅማል።

መሬት ለልማት ሲነሣ፣ ቡሬ አካባቢ እንደታየው፣ ካሳው ለአባወራው ሒሳብ ይገባል። ግምቱ ሲሠራ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ክፍያው በጋራ ሒሳብና በሁለት ፊርማ እንዲሆን በጽሑፍ ያመልክቱ። ከገባ በኋላ ብር ማሳደድ መሬት ከማሳደድ ይከፋል።

አረብ አገር ሆና ብር የምትልክ ሴት ሁለት ነገር ትያዝ። የላከችበትን ደረሰኝ ሁሉ ታስቀምጥ፤ ቤቱ በማንም ስም ቢሆን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ነው። ውክልና ስትሰጥ ደግሞ ልዩነቱን ትወቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ የተዘጋጀው ቅጽ ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ዕዳና እገዳ ለማስመዝገብ» የሚሉ ቃላት ካሉ ይሰረዙ፤ «ለመግዛትና በስሜ ለማስመዝገብ» የሚለው ብቻ ይቅር። ውክልና ሲሻር ለተወካዩ መንገር አይበቃም። ያጸደቀው መሥሪያ ቤትና ቤቱ ያለበት መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይነገራቸው፤ አለዚያ ወረቀቱ እንደጸና ይሠራበታል።

ለገዢም አንድ ቃል። ሻጩ «ሚስቴ ታማለች፣ ፊርማዋን ቤት ሄጄ ላምጣው» ካለ ቀብድ አይክፈሉ። ያላገባ ማስረጃው የወጣበትን ቀን ይዩ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ነዋሪነቱ ከጥቂት ወር ያልዘለለ ቀበሌ ላይ ያላገባ ካወጣ የመጣበትን ቀበሌ ሄደው ይጠይቁ። ጎረቤት ቡና ላይ ሁሉን ይነግርዎታል።

ለጠበቃም ለዳኝነትም የሚከፍሉት ከሌለ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 በደሃ ደንብ መክሰስ ይቻላል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ሲሄዱ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የካርታውን ወይም የደብተሩን ኮፒና የግብር ደረሰኙን ይዘው ይሂዱ፤ አቤቱታው በዚያው ቀን ሊጻፍ የሚችለው እነዚህ ሲሟሉ ነው።